የቮልሴ ማጣሪያና የኦቦ ቶለራ አፍንጫ

መኪና ያለው ሰው ወዳጅ የለውም፤ ያለው ተሳፋሪ ብቻ ነው። ተመርሬ የምናገር እንዳይመስላችሁ… እሺ፣ ትንሽ ተመርሬ ነው! ግን እስቲ አምቦ ውስጥ ለአንድ ሳምንት ቮልስ ነድታችሁ ሞክሩት። በእግራችሁ ስትሄዱ አይተው እንዳላዩ ያልፏችሁ የነበሩ ሰዎች መኪናዋን በገዛችሁ ማግስት ጤናችሁ ያሳስባቸው ጀመር ማለት ነው። የልጆቻችሁን ስም ከነቁልምጫው ያውቁታል። ሩቅ አገር ለቅሶ የተሰማ ቀን ደግሞ ቀረብ ብለው፣ «ለመሆኑ አንተስ ትሄዳለህ?» ይሏችኋል። የጠየቁት ስለ መኪናዋ ነው። እናንተማ ብትቀሩ፣ ቁልፉን ትታችሁ እስከቀራችሁ ድረስ፣ ቅር የሚለው የለም።

ሌላም ልጨምር። ሰው ሁሉ የመኪና ዋናዋ ነገር ሞተሯ ነው ይላል። እኔ አልስማማም። (ባለቤቴ በምንም ነገር የማልስማማ ሰው መሆኔን ለጎረቤት ሁሉ ትናገራለች። በዚህም አልስማማም።) የመኪና ዋናዋ ነገር አፍንጫዋ ነው። አየር ካልሳበች ቤንዚን ብታጠጧት፣ በዘይት ብታጥቧት፣ ባርካችሁ ብትገፏት ንቅንቅ አትልም። «አየር እንደ ቤንዚን በኩፖን አይደል፣ ምን ችግር አለው?» እንዳትሉኝ! በዚህ በበጋ ከአምቦ ወደ ወንጪ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለውን አየር አይታችሁታል? የአንድ ገበሬ ማሳ ተነሥቶ ሲበር ነው የሚመስለው። ስለዚህ በአየሩና በሞተሩ መካከል ማጣሪያ የሚባል ነገር ተፈጠረ። የዛሬው ጉድ ሁሉ የመጣው ከዚህ ማጣሪያ ነው።

ቮልሴ ከተወለደችበት አገር ይዛው የመጣችው ማጣሪያ ከሥሩ ዘይት የሚቋጠርበት፣ ክዳን ያለው ድስት የመሰለ ነገር ነበር። እሱ አዲስ ዓለምን አለፍ ብዬ አንድ ጉድጓድ ስዘል ተሰነጠቀና ዘይቱን እስከ አምቦ ድረስ እያንጠባጠበ አለቀ። ኦርጅናሉን ፍለጋ ያልረገጥኩት ሱቅ የለም። መለዋወጫ በዚህ ዘመን እንዴት እንደሚገኝ ታውቃላችሁ… አይገኝም። በመጨረሻ መርካቶ ውስጥ አንድ ባለሱቅ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ የወረቀት ማጣሪያ ከመደርደሪያ አወረደልኝ።

«ኦርጅናል ነው?»

«ከኦርጅናል ይሻላል፣ ጋሼ!»

«የት ነው የተሠራው?»

«ውጭ አገር።»

«ውጭ አገር የት?»

«እዚህ አይደለም፣ ጋሼ። ይህ አይበቃዎትም?»

በቃኝና ገዛሁት። ተመሳሳይ ዕቃ የምንለው ነገር በመልኩ ኦርጅናሉን ይመስላል፤ በጠባዩ ግን የሸጠውን ሰው ነው የሚመስለው። ከወር በኋላ ቮልሴ ዳገት ላይ እንደ ሽማግሌ ታቃስት፣ ከኋላዋም ጥቁር ጭስ ትተፋ ጀመር። ማጣሪያውን ሳወጣው ግማሽ ኪሎ የሚሆን የምዕራብ ሸዋ አፈር ይዟል። የወረቀት ማጣሪያ ይራገፋል እንጂ አይታጠብም ይላሉ። እኔ ደግሞ በዚህ ዓለም ላይ የማይታጠብ ነገር አለ ብዬ አላምንም። በሳሙና ዘፈዘፍኩት፣ አለቀለቅኩት፣ አጥር ላይ አሰጣሁትና ሻይ ልጠጣ ገባሁ። ስመለስ የጎረቤቴ ፍየል የመጨረሻዋን እጥፋት እያላመጠች ዓይን ዓይኔን ታየኛለች።

ጎረቤቴን ጠራሁት። «ፍየልህ የመኪናዬን ማጣሪያ በላችብኝ!»

«የምን ማጣሪያ?»

«የአየር ነዋ!»

ፍየሏን ከራሷ እስከ ጭራዋ አያትና፣ «እኔም እኮ ዛሬ ትንፋሿ ምነው ጠራ ብዬ ነበር» አለኝ። ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ምክንያቱም ዕለቱ ሐሙስ ነበር። ቅዳሜ ደግሞ በዚያች መኪና ሽማግሌ ጭኜ ወንጪ መድረስ አለብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእህቴ ልጅ ደረጀ አምቦ የጤና ረዳት ነው። ለሊሴ የምትባል የወንጪ ልጅ፣ አስተማሪ፣ ልቡን ወስዳዋለች። እሷም አልጠላችውም። የቀረው አባቷን መጠየቅ ነው… መጠየቁ ግን ቀላል እንዳይመስላችሁ። ኦቦ ቶለራ የታወቁ ገበሬ፣ የታወቁ ንብ አርቢ፣ ከሁሉ በላይ የታወቁ ጴንጤ ናቸው። መጠጥ የሚባል ነገር በደጃፋቸው አያልፍም። እንግዳ ሲመጣ የሚቀርበው ከገዛ ቀፏቸው ማር የተበጠበጠ ብርዝ ነው። ከዚህ በፊት ለለሊሴ ከተላኩ ሽማግሌዎች አንዱ ለድፍረት ብሎ ትንሽ ቀመስ አድርጎ ሄዶ ኖሮ፣ ኦቦ ቶለራ ከበር መልሰዋቸዋል። የዚያ ቤተሰብ ስም ዳግመኛ በዚያ ቤት አልተነሣም።

ደረጀ እኔን ይዞ ያልለመነኝ ልመና የለም። «ጋሼ፣ በፈጠራችሁ! አንድ ጉንጭ እንኳ! አንድ ጉንጭ ከሸተቷችሁ እኔ አለቀልኝ። ቀኑም አይገፋም፤ ሌላ ሰው ሽማግሌ ሊልክ ነው አሉ።»

እኔማ ችግር የለብኝም። ከእኔ ጋር የሚሄዱት የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ኦቦ ገመቹም ችግር የለባቸውም፤ እሳቸውም ጴንጤ ናቸውና አምቦ ውሃ እንኳ ሲጠጡ አረፋው እስኪበርድ የሚጠብቁ ሰው ናቸው። ችግሩ ሦስተኛው ሽማግሌ አቶ ወንድይፍራው ነበሩ። የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆነው ጡረታ የወጡ፣ አንደበታቸው ድንጋይ የሚያላላ ሰው። ያለእሳቸው ሽምግልና አይታሰብም። ያለጠጅ ደግሞ እሳቸው አይታሰቡም! ቢሆንም ለደረጀ ሲሉ ከሐሙስ ጀምሮ ውሃ ብቻ ሊጠጡ ቃል ገቡ። ዓርብ ዕለት መንገድ ላይ ሳገኛቸው ፊታቸው የቅርብ ዘመድ የሞተበት ሰው ፊት ነበር።

ወደ ማጣሪያው ልመለስ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ መካኒኩ ፋንታዬ ዘንድ ሄድኩ። ፋንታዬ ጣሊያን አሠልጥኖኛል የሚል ሰው ነው፤ ዕድሜው ግን ጣሊያን ዘመን አያደርሰውም።

«ማስትሮ፣ ያለ ማጣሪያ ወንጪ ልሂድ?»

«ሞተሩን ከጠሉት ይሂዱ።»

«ታዲያ ከየት ላምጣ?»

«ጋሼ፣ ማጣሪያ ማለት ምን ማለት ነው? ቆርቆሮና ጨርቅ ነው! ፈረንጅ ስም ስላወጣለት ነው እንጂ።» ይህን ብሎ ባዶ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ አነሣ፣ ዙሪያውን በምስማር በሳሳው፣ ወደ ጓሮ ዞር አለና አንድ ወፍራም ቢጫ ጨርቅ ይዞ ተመለሰ። አጣጥፎ ቆርቆሮው ላይ ጠመጠመው፤ በሽቦ አሠረው።

«ጨርቁ ይችላል?» አልኩት።

ተቆጣ። «ይሄ ጨርቅ? ይሄ እኮ የንብ ክንፍ የማያሳልፍ ጨርቅ ነው! ለአቧራ ነው የሚያንሰው?»

የንብ ክንፍ የሚያስቀር ጨርቅ ምን ዓይነት ጨርቅ ነው ብዬ ቆም ብዬ ማሰብ ነበረብኝ። የፋንታዬ ጋራዥ ከወይዘሮ ዘነበች ጠጅ ቤት ጋር በጓሮ እንደሚገናኝም ማስታወስ ነበረብኝ። እናንተ አሁን ተቀምጣችሁ ስታነቡ ወዲያው ገባችሁ፤ እኔ ግን ቸኩዬ ነበር። የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ታጥቧል?»

«በሙቅ ውሃ!» አለ ፋንታዬ። ቮልሴም ተነሣች… እንዴት እንደተነሣች! ኦርጅናሉ ከተሰነጠቀ ወዲህ እንዲህ ያለ ድምፅ አሰምታ አታውቅም።

ቅዳሜ ማለዳ ተጓዝን። እኔ መሪው ላይ፣ ኦቦ ገመቹ ከጎኔ፣ አቶ ወንድይፍራው ከኋላ በጋቢ ተጠቅልለው። ከከተማው መውጫ ኬላ ላይ ዘበኛው ጎንበስ ብሎ አየን።

«ጓዶች፣ ወዴት ናችሁ?»

«ለሽምግልና ነው።»

በመስኮቱ አንገቱን አስገብቶ አየር ሳበ። ፈገግ አለ። «በጠዋቱ?… በሉ ይቅናችሁ። ነጂው ግን ቀስ በል።»

ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባንም። ዳገቱን ስንጀምር ብርዱ ገባንና ማሞቂያውን ከፈትኩት። የቮልስ ማሞቂያ የሚገርም ብልሃት ነው፤ ሞተሯ ከኋላ ነውና እዚያ የሞቀውን አየር በቱቦ አምጥታ እግራችሁ ሥር ትለቅላችኋለች። ሞተሩ ያሸተተውን ሁሉ ተሳፋሪም ያሸታል ማለት ነው። እግራችን ሞቀ። ቀጥሎ ጉልበታችን ሞቀ። ቀጥሎ… አፍንጫዬን አላመንኩም። ጠጅ! የከረመ፣ ጌሾው የጠነከረ ጠጅ!

በመስታወቱ አቶ ወንድይፍራውን አየኋቸው። እሳቸውም በመስታወቱ እኔን ያዩኛል። ኦቦ ገመቹ መስኮቱን ከፈቱ፤ የአቧራ ደመና ገባ። ዘጉት፤ ጠጁ ተመለሰ። እንግዲህ እስከ ወንጪ የነበረን ምርጫ ይኸው ነው፤ ከፍተን አቧራ፣ ዘግተን ጠጅ።

«አቶ ወንድይፍራው፣ ደህና አደሩ?» አልኩ ለዘብ አድርጌ።

«እኔማ ደህና ነኝ። አንተስ… ደህና ነህ?» አሉኝ፤ እሳቸውም ለዘብ አድርገው።

ኦቦ ገመቹ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እስቲ ከመድረሳችን በፊት እንጸልይ» አሉና ጀመሩ። «አባት ሆይ፣ ደካሞችን አበርታ፤ ከልማዳቸው መውጣት ያቃታቸውን እርዳ…» እንዲህ ሲሉ አንድ ዓይናቸውን ገልጠው ወደ ኋላ ያያሉ።

አቶ ወንድይፍራው ጋቢያቸውን ወረወሩት። «እኔን ነው? ከሐሙስ ጀምሮ ምላሴ ላይ ከውሃ በቀር ያረፈ ነገር ቢኖር…!»

«እኔ የማንንም ስም አልጠራሁም።»

«ዓይንዎ ጠራኝ!»

«ዓይኔ ያየው በመስኮት ነው።»

«መስኮቱ በዚያ በኩል ነው፣ ኦቦ ገመቹ!» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «ይልቅ የጠጣው ነጂው ከሆነ እግዜር ይሁነን። ገደሉ ይኸውላችሁ፣ ከእነ ሐይቁ!»

በዚህ ሁሉ መሐል አንድ ነገር ልብ ብያለሁ። አቶ ወንድይፍራው ይሳደባሉ፤ ግን በየስድቡ መካከል ረጅም ረጅም አየር ይስባሉ። የዓርቡ የሐዘን ፊት ከፊታቸው ላይ እየተነሣ ነበር።

ኦቦ ቶለራ ቤት ስንደርስ ፀሐይዋ ሞቅ ብላለች። ግቢው ሰፊ ነው፤ ዛፉ ሁሉ ቀፎ ተሸክሟል። ቮልሴን ከአጥሩ ጥግ አቆምኳት። ኦቦ ቶለራ ቡሉኳቸውን አጣፍተው፣ እንደ ዋርካ ቀጥ ብለው በር ላይ ቆመዋል። ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ከቤቱ ደጃፍ ናቸው። ከእሳቸው ኋላ ለሊሴ የብርዝ ማንቆርቆሪያ ይዛ ትታያለች፤ ዓይኗ መሬት ላይ፣ ጆሮዋ እኛ ላይ።

«አካም ቡልተን?» አሉ ኦቦ ቶለራ። «ነጋ! ነጋ!» ብለን ቀረብን። መጀመሪያ ኦቦ ገመቹን አቅፈው ሳሟቸው… ግን መሐል ላይ ቆም አሉ። አቶ ወንድይፍራውን ሳሙ፤ አፍንጫቸው ሲንቀሳቀስ አየሁት። ወደ እኔ መጡ። እኔን አልሳሙኝም። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

«ሦስታችሁም!» አሉ። «ኦቦ ገመቹ፣ አንተም?»

ዳይሬክተሩ የጋቢያቸውን ጫፍ አንሥተው አሸተቱት። በሕይወታቸው ሙሉ ያልቀመሱት ነገር ጋቢያቸው ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል፣ ምን ይበሉ? ለበስነው እንጂ አልጠጣነውም ይባል ይሆን? በድንኳን ያደረ የሠርግ ጋቢ እንኳ እንደዚያ አይሸትም።

«ኦቦ ቶለራ፣ ይስሙን እንጂ፣ እኛ እኮ…» ብለው አቶ ወንድይፍራው ያንን የታወቀ አንደበታቸውን ጀመሩት።

«ዳዲ!» አሉ ኦቦ ቶለራ። ጠጅ ማለታቸው ነው። «ዳዲ እየሸተተ መጥቶ ልጄን የሚጠይቀኝ የለም። የመጣችሁበትን መንገድ ታውቁታላችሁ።»

ለሊሴ ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጠችው። ቀስ ብላ ነው ያስቀመጠችው፤ ድምፁ ግን አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ደረጀ ታየኝ፤ አምቦ ውስጥ ለበሽተኛ መርፌ እየወጋ ዓይኑ መንገድ መንገዱን ሲያይ። ምን ብዬ ነው የምነግረው? «ልጄ፣ አልጠጣንም፤ ግን ሸተትን» ልበለው?

ልንዞር ስንል አንዲት ንብ በጆሮዬ ሥር አለፈች። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ብዙ! እኔ ራሴን በእጄ ሸፈንኩ፤ ኦቦ ገመቹ በባርኔጣቸው። ንቦቹ ግን እኛን ከምንም አልቆጠሩንም። በአቶ ወንድይፍራው አፍ አጠገብ አልፈው፣ የሁላችንንም ጋቢ ዘለው፣ በቀጥታ ወደ ቮልሴ ጀርባ! በሞተሩ ክዳን ክፍተቶች እየተጋፉ ይገባሉ። ሞተሩን አጥፍቼዋለሁ፤ መኪናዋ ግን ታጉረመርማለች።

የኦቦ ቶለራ ፊት ተለወጠ። ሰው ቢዋሻቸው ይገባቸዋል፤ ንብ ግን ዋሽቷቸው አያውቅም። «ማሊ ኩን? ይህ ምንድነው?» አሉና ወደ መኪናዋ ሄዱ። ክዳኑን አነሡት። የወተት ቆርቆሮው በንብ ተሸፍኗል። እንደ እንግዳ ልጅ እየተለማመጡ በቅጠል ጠረግ ጠረግ አደረጓቸው፣ ሽቦውን ፈቱና ጨርቁን አወጡ።

«ምንድነው ይሄ?»

«ማጣሪያ ነው» አልኩ።

«የምን ማጣሪያ?»

«የ… አየር። መካኒኩ ነው የሠራልኝ። ኦርጅናሉ የለም። ተመሳሳዩን ደግሞ ፍየል…»

አልሰሙኝም። ጨርቁን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። አሸተቱ። ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ እኛ ዞረው፣ «ንጹሐን ናችሁ» አሉ። «ይህ የጠጅ ማጥለያ ጨርቅ ነው። የሰከረችው መኪናዋ ናት!»

ኦቦ ገመቹ አቶ ወንድይፍራውን አቅፈው ሳሟቸው። አቶ ወንድይፍራው፣ «ዓይንዎን ይቅር ብያለሁ» አሉ። ለሊሴ ማንቆርቆሪያውን አነሣች። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ መልካም ነበር። ኦቦ ቶለራ ግን ጨርቁን ከአፍንጫቸው አላራቁትም። ደግመው አሸተቱ። አሁን ዓይናቸው ተጨፈነ። ግንባራቸው ላይ የነበረው ሽብሽብ አንድ በአንድ ሲፈታ አየሁት።

«የዘነበች ነው» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ። «ያቺ ገበያው ጀርባ ያለችው። እንዴት ያለ ጠጅ! ዘንድሮ ጌሾውን ቀነሰች እንጂ…»

ዓይናቸው ሳይገለጥ ጨርቁን ለሦስተኛ ጊዜ አሸተቱት።

«አባ ለሊሴ» አሉ አዴ ጫልቱ ከደጃፉ። «ዘንድሮ?»

ኦቦ ቶለራ ዓይናቸውን ገለጡ። የት እንዳሉ ትዝ አላቸው። «ማር የምሸጥላት እኮ ናት! ለማን የምሸጠው መስሎሽ ነው? አየሽ፣ ንቦቹም የገዛ ማራቸውን አውቀውት ነው የመጡት!»

«ማር መሸጥህን አውቃለሁ» አሉ አዴ ጫልቱ፣ ድምፃቸውን ከፍም ዝቅም ሳያደርጉ። «ጌሾ መቀነሷን የነገረህ ማሩ ነው?»

አቶ ወንድይፍራው ዕድሜያቸውን ሙሉ ችሎት ያዳመጡ ሰው ናቸውና ማስረጃ ሲበቃ ዝም ማለት ያውቃሉ። ኦቦ ቶለራ አንዴ ሚስታቸውን፣ አንዴ እኛን፣ አንዴ ጨርቁን አዩ። ከዚያ የደስ ደስ ባለው ድምፅ እንዲህ አሉ፦

«ሽማግሌዎች! ደጅ ቆማችሁ ምን ትሠራላችሁ? ኮታ! ግቡ እንጂ! ልጃችሁ ደረጀ መልካም ልጅ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ!»

በአገሩ ደንብ የልጅቷ አባት ሽማግሌን «እስቲ እንመካከርበት» ብሎ አመላልሶ፣ ጫማ አስጨርሶ ነው እሺ የሚለው። እኛ ብርዙን ጠጥተን ሳንጨርስ እሺ ተባልን። አቶ ወንድይፍራው ለቀኑ ያዘጋጁትን ንግግር ሳይናገሩት ተመለሱ፤ እስከ ዛሬ ይቆጫቸዋል። ጨርቁን ቆርቆሮው ላይ መልሰን ጠምጥመን ስንመለስ ኬላው ላይ ያው ዘበኛ አንገቱን አስገብቶ፣ «ቀንቷችኋል ማለት ነው!» አለን። አቶ ወንድይፍራው፣ «በመኪናችን አፍንጫ!» ብለው መለሱለት። ዘበኛው ቀስ ብለን እንድንነዳ በድጋሚ መከረን።

ሠርጉ በጥር ተደገሰ። በቅርቡ ደግሞ አንድ ወዳጄ (ተሳፋሪዬ ማለቴ ነው) ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ ከነካርቶኑ ኦርጅናል ማጣሪያ ይዞልኝ መጣ። ልገጥመው የሞተሩን ክዳን ከፈት ሳደርግ ደረጀ እየሮጠ ደረሰ።

«ጋሼ፣ እባክህ እንዳትቀይራት! ለእኔ ስትል!»

ገባኝ። ኦቦ ቶለራ ለገበያ አምቦ ሲወርዱ መጀመሪያ የሚመጡት እኔ ቤት ነው። ወደ ወይዘሮ ዘነበች ሰፈር ዝር አይሉም፤ አዴ ጫልቱ ማሩን ራሳቸው ነው አሁን የሚሸጡት። ኦቦ ቶለራ ሰላምታ ይሰጡኛል፣ የልጆቼን ጤና ይጠይቃሉ፣ ከዚያ እንደ ዋዛ አድርገው፣ «የመኪናዋ ሞተር እንዴት ነው? እስቲ ልየው» ይላሉ። ክዳኑን ያነሣሉ። አንገታቸውን ያስገባሉ። ረጅም ጊዜ ይቆያሉ። መኪና መመርመር ደግሞ አዴ ጫልቱም፣ ቤተ ክርስቲያኑም አልከለከሉም።

ስለዚህ ኦርጅናሉ ከነካርቶኑ ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጧል። በዚያች ቢጫ ጨርቅ በኩል አየር የሚስቡት ሁለት ናቸው፤ አንዷ ቮልሴ ናት።